ከአስፋልቱ ሥር ያለችው ደሴ

የደሴ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ግን ኮምቦልቻ ነው። ሁለቱን ከተሞች የሚያውቅ ሰው ይህን ስነግረው ፈገግ ይላል። በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ብቻ ነው፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። በነዋሪዎቻቸው አፍ ግን በሁለት አገር ያሉ ይመስላሉ። ደሴ ጦሳ ተራራን ተደግፋ ሽቅብና ቁልቁል የተሠራች፣ ጉም የማይለያት፣ ሰዉ በኮት ላይ ጋቢ የሚደርብባት ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ሜዳ ላይ ተዘርግታ፣ ፋብሪካዋንና ከባድ መኪናዋን ይዛ፣ ፀሐይ ስትሞቅ የምትውል ናት። ባለቤቴ ሰይድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ጋራዥ አለው። “ደሴ ፀሐይ የምትገባው በኮንትሮባንድ ነው” ይላል። አባቴም ለጋብቻችን ሽማግሌ የተላከባቸው ዕለት አንድ ቅሬታ ብቻ እንዳላቸው ተናግረው ነበር አሉ፤ የልጁ አገር አቀበት የለውም፣ አቀበት የማያውቅ ሰው ደግሞ ትንፋሹ አይታመንም። ሽማግሌዎቹ ስቀው ነገሩ አለቀ። ሁለቱ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በተገናኙ ቁጥር በዚሁ ይነካኩ ነበር።

እኔ ከሁለቱም ወገን አልነበርኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደሴን ለቅቄ የወጣሁት ደስ ብሎኝ ነው።

አባቴ ይመር ይባላሉ። ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ደሴ ውስጥ የውሃ መስመር ሲቆፍሩ፣ ሲዘረጉና ሲጠግኑ ኖረዋል። ከተማው “ይመር ቧንቧ” ይላቸዋል። እኔም ትምህርት ቤት “የቧንቧ ልጅ” ነበርኩ። ጓደኞቼ በክፋት አልነበረም የሚሉኝ፤ እኔን ግን ያመኝ ነበር። አንድ ቀን ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በፒያሳ ሳልፍ አባቴ እስከ ደረታቸው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው፣ ፊታቸው ጭቃ ለብሶ አየሁ። “ዘሃራ” ብለው ጠሩኝ። ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ። ለዚህ ነገር ይቅርታ ጠይቄያቸው አላውቅም። እሳቸውም አንስተውት አያውቁም። አድጌ ኮምቦልቻ ስገባና የመጋረጃ ስፌት ቤት ስከፍት፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ አንዱ ደስታዬ ነበር።

ልነግራችሁ የተነሳሁት ነገር የሆነው እናቴ ፋጡማ በሞተች በዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ ነው። እናቴ ከሄደች ወዲህ የአባቴ የደረት ሕመም ጠና። ብርድ በመጣ ቁጥር ትንፋሻቸው ያጥራል። ሐኪሙ ሞቅ ያለ አገር እንደሚሻላቸው ሲናገር እኔና ሰይድ ለክርክር ጊዜ አልሰጠናቸውም። ዕቃውን ጫንን፤ ቤቱን ለአንዲት አስተማሪ አከራየን፤ እሳቸውን ኮምቦልቻ አወረድናቸው። መኪናው ሐረጎን ሲወርድ ዞረው ጦሳን ያዩ ነበር።

ደረታቸው ተሻላቸው። ሌላው ነገራቸው ግን ከቀን ወደ ቀን ደበዘዘ። ምሳ በልተው ሲያበቁ ምሳ መቼ ነው ይላሉ። ትልቁን ልጄን በሞተ ወንድማቸው ስም ይጠሩታል። አንድ ቀን ከመስጊድ ሲመለሱ ጠፉብንና ሰይድ ቦርከና ወንዝ ድልድይ አጠገብ ቆመው አገኛቸው። ምን ሆነው እንደሆነ ስጠይቃቸው የመለሱልኝን እስካሁን አልረሳሁትም።

“ይኼ ከተማ ሜዳ ነው ልጄ። ደሴ ላይ እግርሽ ሽቅብ ካለ ወደ ቤት ነሽ፤ ቁልቁል ካለ ወደ ገበያ ነሽ። እዚህ ሰው የት እንዳለ በምን ያውቃል?”

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴን አእምሯቸው እየከዳቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ቤት አልፎ ካለው መስጊድ በቀር የትም ብቻቸውን እንዳይሄዱ ከለከልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። “እሺ ልጄ” አሉኝ። የባሰብኝ እሱ ነው።

በዚያ ነሐሴ አንድ ሰኞ ለሱብሂ ሶላት እንደወጡ አልተመለሱም። ልጆቹ ቁርሳቸውን በልተው ሲጨርሱ ሰይድን ላክሁት። መስጊድ የነበሩ ሰዎች፣ ሶላቱ እንዳበቃ ፈጠን ብለው ሲወጡ እንዳዩዋቸው ነገሩት። ክፍላቸው ስገባ ስልካቸው ትራሱ ላይ አለ። የሚስቡት የደረት መድኃኒትም አጠገቡ ተቀምጧል። ያለ እሱ ግማሽ ቀን አይቆዩም። ስልኩን ከፈትኩት። ጎህ ሲቀድ ስም በሌለው ቁጥር ተደውሎላቸዋል። በራሴ ስልክ መልሼ ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም።

ሰይድ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ቦርከና ሄደ። እኔ መድኃኒቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ተራ አስከባሪውን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አይተህ እንደሆን ብዬ ጠየቅሁት። አላመነታም። በመጀመሪያው መኪና ተሳፍረዋል አለኝ። መጥተው፣ “ወደ አገሬ የሚሄደው የትኛው ነው?” ብለው ጠይቀውት ነበር። የትኛው አገር ሲላቸው እንደ መቆጣት ብለው ነበር።

ተከትዬ ተሳፈርኩ። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ሾፌሩ መብራት አብርቶ እየዳኸ ነው የሚወጣው። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው፣ ደሴ ላይ አንድ ትልቅ የውሃ መስመር ፈንድቶ የዘመዱን ቤት ውሃ እንደገባበት በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። ከእኔ ጉዳይ ጋር አላገናኘሁትም። በልቤ እመዘግብ የነበረው የሚገኙባቸውን ቦታዎች ነበር። የድሮ ቤታችን። የእናቴ መቃብር። ሌላ አላገኘሁም። አርባ ዓመት የሠሩበት ከተማ ውስጥ ለአባቴ የማውቅላቸው ሁለት ቦታ ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ አልታሰበኝም።

ቤታችን ስደርስ ተከራይዋ አስተማሪ እንዳላየቻቸው ነገረችኝ፤ አብራኝ ልትፈልግ ነጠላዋን አነሳች፤ እምቢ አልኳት። መቃብሩ ዘንድም የሉም። ሣሩ በጤዛ እንደ ረጠበ ነው፤ ሰው አልረገጠውም። እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አባትሽን አደራ ብላኝ ነበር፤ አደራዋን አንድ ዓመት እንኳ መጠበቅ አቃተኝ አልኩ።

ያኔ ነው ስልኬ የጠራው። ያ ስም የለሽ ቁጥር ነው። ሳነሳው መጀመሪያ የሰማሁት የውሃ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። ጋሽ ጌታቸው ነበሩ። ከአባቴ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የሠሩ፣ እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን ከደጃችን ያልተነሱ ሰው ናቸው።

“አብሽሪ፣ አይዞሽ ዘሃራ” አሉኝ። “ይመር ከእኔ ጋር ነው። ከሰኞ ገበያ በላይ ነን። ውሃውን ተከትለሽ ውጪ፤ ታገኚናለሽ።”

ባጃጁ ሰኞ ገበያ አድርሶኝ ከዚያ በላይ አልሄድም አለ። እውነቱን ነው። ቀይ ጭቃ የያዘ ውሃ ኮብልስቶኑን እየጠረገ ይወርዳል። የገበያው ሰው ሸቀጡን ወደ ከፍታ አንስቷል። ሽቅብ ስወጣ ሰዎች ፍራሽና የእህል ጆንያ ተሸክመው ሲወጡ አየሁ። አንድ ቤት የጭቃ ግድግዳው ተንዶ አልጋና ቁምሳጥኑ ለመንገደኛ ይታያል። የቤቱ ባለቤት የሆነች ሴት ልጇን አዝላ ፊት ለፊቱ ቆማለች፤ አታለቅስም፤ ታያለች ብቻ።

ከላይ መንገዱ ዳር ሰው ተሰብስቧል። መሐል አባቴ አሉ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለዋል። በባዶ እግራቸው ናቸው። በከዘራቸው እያመለከቱ ለሦስት ጎረምሶች ትእዛዝ ይሰጣሉ። ድምፁን አላወቅሁትም፤ ቤቴ ውስጥ “እሺ ልጄ” ሲል የከረመው ድምፅ አልነበረም። ጋሽ ጌታቸው የታመመ እግራቸውን ዘርግተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

ከደስታዬ ቁጣዬ ቀደመ። አጠገባቸው ደርሼ ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ዞር ብለው አዩኝና፣ ከጠዋት ጀምሮ ተቀጣጥረን እንደነበር ሁሉ፣ “መድኃኒቴን ይዘሽልኛል?” አሉ። ሁለት ጊዜ ሳቡ፤ ደረታቸው ዝቅ ከፍ ሲል ቆየ፤ መልሰው ሰጡኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ነገሩን ያስረዳኝ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር ነው። ቢንያም ይባላል፤ የሌላ አገር ልጅ ነው፤ ደሴ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል። የፈነዳው መስመር እሱ ከመወለዱ በፊት የተቀበረ፣ በእርጅና የተበላ ብረት ነው። መዝጊያ ቫልቭ አለው፤ ግን መንገዱ በየዘመኑ ሲሰፋና አስፋልት በአስፋልት ላይ ሲደረብ ቫልቩ ከሥር ቀርቷል። የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ውሃውን ከዋናው ማጠራቀሚያ መዝጋት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ግማሽ ከተማ ይደርቃል፤ በመስመሩ ላይ ያለ ሆስፒታልም ጭምር። እዚያ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ላይ ናቸው። እስከ ስድስት ሰዓት ቫልቩ ካልተገኘ ግን ዋናውን ከመዝጋት ሌላ ምርጫ የለውም፤ ቤቶቹ አይቆዩም። ጎህ ሳይቀድ ጋሽ ጌታቸውን ሲጠይቃቸው፣ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፣ ልጁ ኮምቦልቻ ወስዳዋለች ብለውት ወዲያው ለአባቴ ደወሉ።

“ወስዳዋለች” የሚለው ቃል ላይ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

ጎረምሶቹ አባቴ ያመለከቱበትን ቦታ አስፋልቱን ሰብረው እስከ ወገባቸው ቆፍረዋል። አንደኛው ድጅኖውን አቁሞ ቀና አለ። ከድንጋይ በቀር ምንም የለም። አባቴ ወደ አንድ የስልክ መሸጫ ሱቅ ሄዱ፤ ድሮ ዳቦ ቤት የነበረ ነው። ከበሩ ተነስተው እርምጃቸውን ቆጠሩ። አሥራ አራት። እዚያው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ደረሱ። እንደገና ሄደው እንደገና ቆጠሩ። ከኋላዬ አንድ ሰው፣ ሽማግሌው ዘንግተውታል፣ ሲል ሰማሁ። በክፋት አልነበረም ያለው።

አባቴ መንገዱ መሐል ቆሙ። ያ የማውቀው ድንግዝግዝ ፊታቸው ላይ ሲመለስ አየሁት። ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

“ፋጡማ፣ ዳቦ ቤቱ የት ሄደ?” አሉኝ።

እናቴን የሚያውቁ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ። በረዶ ሆነዋል። ይበቃል አባዬ፣ እንሂድ አልኳቸው። አልተከራከሩም። “እሺ ልጄ” አሉ፤ ያው የኮምቦልቻው ድምፅ ተመለሰ። ሦስት አራት እርምጃ አብረን ተራመድን። አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ተሳስቻለሁ፤ እንደነዚያ አራት እርምጃዎች የሚያስፈራኝ ግን የለም። ጋሽ ጌታቸው ባይናገሩ ኖሮ አባቴን ይዤ ወርጄ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ከክፍላቸው የሚወጡ አይመስለኝም።

“ይመር” አሉ ጋሽ ጌታቸው ከበርጩማቸው ሳይነሱ። “ዳቦ ቤቱ በረንዳ ነበረው እኮ። ዝናብ ሲጥል የምንጠለልበት።”

አባቴ ቆሙ። ክንዳቸው እጄ ውስጥ ሲጠነክር ተሰማኝ።

“የእንጨት ምሰሶ የነበረው” አሉ በቀስታ። “ከበሩ አይደለም የለካነው። ከበረንዳው ጠርዝ ነው።”

መንገዱ ሲሰፋ የዳቦ ቤቱ በረንዳ ተቆርጦ፣ ጠርዙ የነበረበት ቦታ አሁን አስፋልት ሆኗል። ስለዚህ ቫልቩ ከተቆፈረው ቦታ አልፎ ወደ ማዶ ነው። ግን ምን ያህል? በረንዳው ሰፊ ነበር የሚልም አለ፣ ጠባብ ነበር የሚልም አለ። መንገዱን በሙሉ ለመስበር ጊዜ የለም። አባቴ ረዘም ያለ ፌሮ ብረት አምጡልኝ አሉ። መጣላቸው። አንዱን ጫፍ አስፋልቱ ላይ አቆሙና ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ ደገኑ። ረጅም ጊዜ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የግራ ጆሯቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ቀኙም ደክሟል። ቢንያም ተቀብሏቸው ሞከረ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚሰማኝ አለ።

አባቴ ብረቱን ወደ እኔ ዘረጉ።

“አንቺ ስሚልኝ” አሉ። “አራት አምስት ዓመት ሳለሽ ትሰሚልኝ ነበር።”

ረስቼው ነበር። እነዚያን ቃላት ሲናገሩ ነው ከየት እንደሆነ ሳላውቅ የመጣልኝ። ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ሳላፍርባቸው በፊት፣ በትከሻቸው ተሸክመው ይወስዱኝ ነበር። ብረቱን ጆሮዬ ላይ ያደርጉልኝና ምን ይላል ይሉኛል። ሰውዬው እያንኮራፋ ነው እላቸዋለሁ። ይስቃሉ።

ተንበረከኩ። ቀዝቃዛውን ብረት ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ኢንጂነሩ አስፋልት መስበሪያው እንዲጠፋ አዘዘ። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ሆነ፤ ማንም ሳያዝዘው ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። ዕቃ የሚያወርዱት ቆሙ። አንድ ባጃጅ ሞተሩን አጠፋ። ያቺ ግድግዳዋ የፈረሰባት ሴት የሚነጫነጭ ልጇን ጡቷ ላይ አደረገች። ያን ያህል ሰው አንድ ሽማግሌ አምኖ እንዲህ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም።

“ውሃው ዝም ብሎ ሲሄድ እንደ ከብት ይተነፍሳል” አሉ አባቴ ጆሮዬ ሥር። “ቫልቩ ጋ ሲደርስ ያፏጫል። ያ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ አያውቅም። የታችኛው ሰፈር ቧንቧ ኃይሉን አይችልም ብለን ሁለት ዙር አስቀርተንበታል። ስለዚህ ያፏጫል።”

መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ልብ ነው። ከዚያ ከሥር፣ ከሩቅ፣ አንድ ከባድ ትንፋሽ። አንድ እርምጃ ተሻገርን። ትንፋሽ። ሌላ እርምጃ። ትንፋሽ። አራተኛው ላይ ቀጭን ነገር የሰማሁ መሰለኝ። አምስተኛው ላይ ግን አልተጠራጠርኩም። ከመሬቱ ውስጥ፣ ጥርሱ መሐል ክፍተት ያለው ሰው እንደሚያፏጨው፣ ያፏጫል።

“እዚህ ነው” አልኩ። አባቴ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ከዘራቸውን ቦታው ላይ ተከሉና፣ ቆፍሩ አሉ።

አስፋልቱ ሁለት ንብርብር ሆኖ ተገኘ። ከሥሩ የድሮው ጠጠር። ከጠጠሩ ሥር ድጅኖው ብረት መታ። ክዳኑ ሲነሳ ቫልቩ ታየ፤ ዝገት በልቶታል፣ የሚዞርበት ራሱም አልቆ የመሥሪያ ቤቱ ቁልፍ አይዘውም። በዚያው ሰዓት ሰይድ ከኮምቦልቻ ደረሰ። አባቴ መገኘታቸውን በስልክ ነግሬው ነበርና በጋራዡ ፒክአፕ ነው የመጣው። ጉድጓዱን አየ፤ ምንም ሳይጠይቅ ከመኪናው የዝገት ዘይትና የከባድ መኪና መፍቻ አውርዶ ገባበት። ዘይቱ እስኪጠጣ ጠበቀ፤ መታ መታ አደረገው፤ መፍቻውን አስገብቶ ተንጠለጠለበት። አልንቀሳቀስ አለ። እንደገና። ሦስተኛው ላይ አቃሰተና ዞረ።

“አሥራ ሰባት ዙር ነው” አሉ አባቴ። “አሥራ ስምንተኛውን እንዳትሞክረው፣ ይሰበራል።”

ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። ሰዉም ተቀበላቸው። አሥር ላይ የታችኛው ጩኸት ረገብ አለ። አሥራ አምስት ላይ የሚወርደው ውሃ ቀጠነ። አሥራ ሰባት ላይ አቆመ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነበር። አንድ አዛውንት ይህ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ልጅ ማነው ብለው ጠየቁ። አባቴ ሰይድን ከላይ አዩትና፣ “የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ትንፋሹ ግን ደህና ነው” አሉ። ሰይድ ጭቃ ውስጥ እንደቆመ ሳቀ፤ እየሳቀ እንባው መጣ።

ከዚያ በኋላ አባቴን ከሰዉ እጅ ማውጣት አልቻልኩም። አንዱ ጋቢውን አለበሳቸው። ግድግዳዋ የፈረሰባት ሴት ከፈረሰው ቤቷ ውስጥ የባሏን ደረቅ ካልሲ ፈልጋ አመጣች፤ ተንበርክካ አጠለቀችላቸው። እጇን ይዘው ሲመርቋት አሚን ሳይሆን አሜን አለች። ጎረቤት ቤት ገብተን ምሳ ቀረበልን። የሚገባው ሰው ሁሉ ቧንቧውን መቼ እንዳስገቡለት ይነግራቸዋል። አንዱ ልጁ የተወለደ ዕለት። አንዷ እናቷ የሞቱ ሰሞን፣ ለቀብር እንግዳ ውሃ እንዳይጠፋ ብለው እሑድ ቀን መጥተው። እኔ ጥግ ተቀምጬ አዳምጥ ነበር። “የይመር ቧንቧ ልጅ ነሽ?” እያሉ ጉንጬን ይስሙኛል። አዎ እላለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም።

ከመሄዳችን በፊት ቢንያም አባቴ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ሌሎቹስ ቫልቮች የት እንደሆኑ ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቃቸው። አባቴ አሰብ አድርገው፣ ምን ያህል ጊዜ አለህ አሉት።

ብርዱ ዋጋውን አልተወም። ሳምንት ሙሉ በደረታቸው ታመው ተኙ፤ እኔም ራሴን ስረግም ሰነበትኩ። በስምንተኛው ቀን ቢንያም ብርቱካንና አንድ ትልቅ ጥቅል ካርታ ይዞ ኮምቦልቻ ቤታችን መጣ። ካርታውን ምንጣፉ ላይ ሲዘረጋው አባቴ ከአልጋቸው ተነሱ። በዚያው ቀን ተስማማን። ሐኪሙ የፈቀደው በሳምንት አንድ ቀን፣ ፀሐይ ካለ፣ ከቀትር በፊት ብቻ ነው። እኔ አብሬ እሄዳለሁ፤ እሳቸው ያሳያሉ፤ ቢንያም ካርታው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ እኔ የሚናገሩትን እጽፋለሁ።

ለቫልቭ ብዬ የገዛሁት ደብተር በሌላ ነገር ሞላ። አባቴ ቫልቭ ብቻ አያሳዩም። ይህ ጥግ ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ቧንቧ ተጣልተው ልጆቻቸው የተጋቡበት ነው ይሉኛል። እዚህ ስንቆፍር አፈሩ ተንዶ ጌታቸውን በጸጉሩ ጎትቼ ያወጣሁበት ነው ይላሉ። ከዚህ ቤት የነበሩ ቄስና ከዚያ ማዶ የነበሩ ሼህ፣ መስመሩ በማን አጥር ይለፍ ሲባል ሁለቱም በእኔ ይለፍ ብለው ሥራውን ግማሽ ቀን አስፈቱን ይላሉ። ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩባትን ከተማ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ አወቅኋት። ለካ ሰው በከተማው የሚኮራው ሕንጻው ስላማረ አይደለም። እጁ የነካው አንድ ነገር እዚያ ውስጥ ስላለ ነው።

ይህ ነገር ወደ ኮምቦልቻም ተከተለኝ። አንድ እሑድ ሰይድን፣ ቀልዱን ትተህ አገርህን አሳየኝ አልኩት። አሥራ ሁለት ዓመት ስኖርባት ከቤቴ፣ ከሱቄና ከገበያው ሌላ የማውቃት ነገር አልነበረም። ልጆቹን ይዞን ሲዞር ዋለ። አባቱ የመጀመሪያዋን ከባድ መኪና ያቆመበትን ዛፍ አሳየን። የፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ እናቱ ለምሳ ይጠብቁበት የነበረውን አጥር አሳየን። ድምፁ የአባቴን ድምፅ ይመስል ነበር።

ቤታችሁ ውስጥ “እሺ ልጄ” የሚል ሽማግሌ ካለ፣ ደህና ነው ብላችሁ አትለፉት። አንድ ቀን ይዛችሁት ውጡ። የት እንደሚወስዳችሁ እዩ። እኔ ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው፤ ያረጀ ብረት ባይፈነዳ ኖሮ አላገኘውም ነበር።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። ካርታው አልቋል። የአባቴ አእምሮ ግን በእኔ ምኞት አልቆመም፤ እየሄደ ነው። አሁን የልጆቼን ስም አያውቁም። ጋሽ ጌታቸውን አንዳንዴ ያውቋቸዋል። እንደዚያም ሆኖ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ደሴ አወጣቸዋለሁ፤ ምክንያቱም እግራቸው አልረሳም። አቀበቱ ሥር ሳደርሳቸው ከዘራቸውን አስተካክለው ይቀድሙኛል።

ባለፈው ሳምንት ከሸዋ በር ወደ ላይ ስንወጣ ቆም ብለው አዩኝ። ማን እንደሆንኩ ጠፍቶባቸዋል፤ ዓይናቸው ላይ አየሁት። ባለጌ እንዳይመስሉ ተጨንቀው፣ እንደማያውቋት ሴት በትሕትና ጠየቁኝ።

“ለአገሩ አዲስ ነሽ መሰለኝ?”

አዎ፣ አዲስ ነኝ አልኳቸው።

“እንኳን ደህና መጣሽ። ብርዱን ትለምጂዋለሽ” አሉና ክንዳቸውን ሰጡኝ። “ነይ፣ ከተማዬን ላሳይሽ።”